ስንቅ ያልያዘ ስልክ

(ይህ ደብረ ማርቆስ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። አድማጮቹ ከየወረዳው የመጡ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ። ወደ ጽሑፍ ስገለብጠው መንተባተቤን አውጥቻለሁ። ጥያቄዎቹን ግን አልነካኋቸውም።)

እንደምን አረፈዳችሁ።

መጀመሪያ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ስልካችሁን አውጡ። ከላይ ወደ ታች ሳቡና የአውሮፕላኗን ምልክት ንኩ። አዎ፣ ኤርፕሌን ሞድ። የሚደውልላችሁ ሰው ካለ አምስት ደቂቃ ይታገሰን። አሁን ደግሞ ነገ ጠዋት ለሥራ የግድ የሚያስፈልጋችሁን አንድ ፋይል ክፈቱ። ጉግል ድራይቭ ላይ ይሁን፣ ዋንድራይቭ ላይ ይሁን፣ ቴሌግራም ላይ ይሁን ግድ የለኝም። ብቻ ክፈቱት።

የተከፈተለት እጁን ያውጣ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ስድስት። ወንበሩ ሁሉ ሙሉ ነው፤ እጁ ግን ስድስት። እናንተ ስድስታችሁ ወጥታችሁ ቡና ብትጠጡ አልቀየምም። ከቀራችሁት ጋር ግን ወሬ አለን።

አብዛኞቻችሁ የፋይሉን ስም አይታችኋል፤ አይደል? ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ትንሽዬ ሥዕሉም ትታያለች። ሲነኩት ግን ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት የለም ይላል። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚች ቦታ ላይ ነው። አፑ የፋይሎቻችሁን ስም ስልኩ ላይ ይዞ ይቆያል። ስም ቀላል ነው፤ ቦታ አይፈጅም። የፋይሉ አካል ግን ሰርቨር በሚባል፣ ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው የተቀመጠው። ስሙን ስላያችሁ ፋይሉ ስልካችሁ ላይ ያለ ይመስላችኋል። የለም።

ክላውድ ደመና ማለት ነው ይሉናል። እኛ ደግሞ ደመናን እናውቀዋለን። ጮቄ ላይ ደመና ስላያችሁ ብቻ ዝናቡ የእናንተ ማሳ ላይ ይወርዳል ማለት አይደለም። እኔ በበኩሌ ጎተራ ብለው ይሻለኛል። እህሉ ጎተራ ውስጥ አለ፤ የእናንተ ነው፤ ማንም አልነካባችሁም። ግን መንገድ የሚወጣ ሰው ጎተራ ተሸክሞ አይሄድም። በሶውን ቋጥሮ ነው የሚወጣው። ፋይልን ኦፍላይን ማድረግ ማለት ስንቅ መቋጠር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስንቁ ለምን ሳይቋጠር እንደሚቀር ነው። ወይም ቋጠርን ብለን ሄደን፣ መንገድ ላይ ስንፈታው ለምን ባዶ እንደሚሆን።

ይቺን የባዶ ስንቅ ነገር ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ረቡዕ ገበያን አልፎ፣ ወደ ጮቄ ግርጌ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለመምህራን ሥልጠና እንድሰጥ ተጠራሁ። ስላይዶቼ ሁሉ ድራይቭ ላይ ናቸው። እዚያ ኔትወርክ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ በዳታ እያንዳንዱን ፋይል ነካሁ። ሦስቱን ነጥቦች፣ ከዚያ «ሜክ አቬይለብል ኦፍላይን» የሚለውን። ጎበዝ ነኝ አልኩና ተኛሁ። ጠዋት እስከሚደርስበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር። መምህራኑ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነው። ስልኬን አወጣሁ። ይሽከረከራል።

አንድ ጎልማሳ መምህር ከኋላ ሆኖ፣ «መምህር፣ ደመናው ዛሬ የሚዘንብ አይመስልም» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ጠመኔ ለመንኩ። እስከ ማታ በጠመኔ አስተማርኩ።

ቤቴ ስመለስ ምክንያቱን አገኘሁት። ድራይቭ ሴቲንግ ውስጥ፣ ፋይል በዋይፋይ ብቻ እንዲተላለፍ የምታዝዝ አንዲት ማብሪያ አለች። የእኔ በርታ ነበር። መቼ እንዳበራኋት እንኳ ትዝ አይለኝም፤ ዳታ ለመቆጠብ ብዬ መሆን አለበት። ይቺ ማብሪያ ከበራች፣ በዳታ ኦፍላይን አድርግልኝ ስትሉት እሺ ይላችኋል። አያወርድም ግን። ዋይፋይ እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ ቤት ዋይፋይ የለም። እስከ ዛሬም ቢሆን ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ አሁን፣ እዚሁ እያላችሁ፣ ድራይቭን ክፈቱ። ከላይ በግራ ሦስት ሰረዝ አለ። እሱን ንኩና ሴቲንግ ግቡ። ወደ ታች ስትወርዱ «ዋይፋይ» የሚል ቃል ያለበትን ታገኛላችሁ። ቤታችሁ ዋይፋይ ከሌለ አጥፉት። ዳታ ይበላብኛል የምትሉ፣ የሌሊት ጥቅል ግዙና ማታ አውርዱ። ርካሽ ነው፤ ኔትወርኩም ሌሊት ቀለል ይላል።

ቀጥሎ ምልክቱ። ፋይሉ በትክክል ከወረደ፣ ስሙ ሥር ትንሽ ክብ ውስጥ የራይት ምልክት ይወጣል። ያ ምልክት ከሌለ ስንቁ አልተቋጠረም። ከዚያው ሦስት ሰረዝ ውስጥ ደግሞ «ኦፍላይን» የሚል ዝርዝር አለ። የወረዱት እዚያ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። ያም ሆኖ እኔ ዛሬ ምልክትም ዝርዝርም አላምንም። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ኤርፕሌን ሞድ አበራና አንድ በአንድ እከፍታቸዋለሁ። እናቴ ስንቅ ስትቋጥርልኝ ቆሎውን መጀመሪያ ራሷ ትቀምሰው ነበር። ልክ እንደዚያ። ከፍቶ የመጨረሻውን ገጽ ማየት ነው።

ሌላ ነገር። ትልቅ ፋይል ሲወርድ ስልኩን ቆልፋችሁ ኪሳችሁ አትክተቱት። ባትሪ ቆጣቢው ወይም ዳታ ቆጣቢው በርቶ ከሆነ፣ ከጀርባ የሚሠራን አፕ ያስቆመዋል። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ባትሪ ቆጣቢ እናበራለን፤ ከዚያ ማጥፋቱን እንረሳለን። እስኪወርድ ድረስ አፑን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁት። ሰልችቷችሁ ከሆነ በዚያው ቡና አፍሉ።

ስቶሬጅ። ይሄን ቶሎ ልለፈው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። 32 ጊጋ የሚል ስልክ ስትገዙ 32ቱም የእናንተ አይደለም። ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ይወስደዋል። የቀረውን ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ ይሞላዋል። ስቶሬጅ ሲሞላ ፋይሉ አይወርድም፤ አንዳንዴም ምክንያቱን በቅጡ አይነግራችሁም። ሜሞሪ ካርድ ብትጨምሩም እነዚህ አፖች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡት ስልኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ካርዱን ሳይሆን ስልኩን ነው ባዶ ማድረግ ያለባችሁ።

ባዶ ስታደርጉ ግን ተጠንቀቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የአፑን መረጃ ስትከፍቱ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ «ክሊር ካሽ» ይላል፤ ሌላው «ክሊር ዳታ» ወይም «ክሊር ስቶሬጅ»። ካሽ ማለት ፍርፋሪ ነው፤ አፑ ለፍጥነት ብሎ የሰበሰበው። ዳታ ግን ሌላ ነው። እሱን ከነካችሁ አፑ እንደ አዲስ የተጫነ ይሆናል፤ ኦፍላይን ያደረጋችሁት ሁሉ ይሄዳል። አፑን አንስታችሁ መልሳችሁ ብትጭኑትም ያው ነው። አካውንቱን ከስልኩ ብታወጡትም ያው ነው። ጎተራው ላይ ያለው አይነካም፤ ስንቁ ግን ተደፋ።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ገና ያልተላከ ሥራ ሲኖር ነው። አንድ የማውቀው የግብርና ባለሙያ ነበረ። ሦስት ቀን በየቀበሌው እየዞረ የማሳ መረጃ ጉግል ሺትስ ላይ መዘገበ። ኔትወርክ አልነበረም፤ ሺትስ ግን ፋይሉ ኦፍላይን ከሆነ ያለ ኔትወርክም ይጻፍበታል። የጻፈው ስልኩ ላይ ተቀምጦ ኔትወርክ እስኪመጣ ይጠብቃል። ልጁ ወደ ከተማ ሲመለስ ስልኩ ዝግ ዝግ ይልበት ጀመር። አንድ ጥገና ቤት ወሰደው። ጠጋኙ ልጅ ቅን ነው፤ «ላጽዳልህ» አለና ያገኘውን አፕ ሁሉ ክሊር ዳታ አደረገለት። ስልኩ እንደ ጥይት ሆነ። የሦስት ቀን ሥራ ግን ሄደ። ሰርቨሩ ላይ አልደረሰም፤ ስልኩም ላይ የለም። የት ይፈለጋል?

እናም ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርሱ የመጀመሪያው ሥራ ዳታ ከፍቶ አፑን መክፈትና የጻፋችሁት መግባቱን ማየት ነው። ፌስቡክ ትደርሱበታላችሁ። ስልክ ማጽዳት፣ ፎርማት ማድረግ፣ አካውንት መቀየር፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ።

አሁን ወደምወደው ርእስ መጣን። ሰዓት።

ስልካችሁ ላይ ስንት ሰዓት ይላል? አያችሁ፣ አንዳንዱ አራት ሰዓት ይላል፤ አንዳንዱ አሥር። ብዙ ሰው ስልኩ የእኛን ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ ያደርገዋል። አሳቡ ደግ ነው። ስልኩ ግን የሚያስበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በሱ ዘንድ እናንተ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዳችኋል።

ይሄ ከፋይል ጋር ምን አገናኘው? ስልካችሁ ድራይቭን ሲያገኝ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርተፊኬት ይባላል። መታወቂያው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ቀን ተጽፎበታል። ስልኩ የገዛ ቀኑን ያይና፣ «ይሄ መታወቂያ ገና አልጀመረም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ዳታ አለ፤ ኔትወርክ አለ፤ ፋይሉ ግን አይወርድም። ሰውየው ካርድ እየሞላ ይናደዳል። ቀኑን ሲያስተካክለው ሁሉም ይከፈታል። ይህን ያየሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም። ስድስት ሰዓቷ ብቻዋን ይህን ያህል ላትጎዳ ትችላለች። ግን አካውንታችሁን ኦተንቲኬተር በሚባለው የመግቢያ ኮድ አውጪ አፕ ከቆለፋችሁት እሷም ታስቸግራለች። ኮዱ በየ30 ሰከንዱ የሚለወጠው ከሰዓቱ ተነስቶ ነውና፣ ሰዓቱ ከተዛባ ኮዱም ልክ አይመጣም።

እሺ፣ የእኛን ሰዓት ማየት ለምትፈልጉ አንድ ዘዴ አለኝ። ሰዓቱን በእጅ አትመልሱት። አውቶማቲክ ይሁን። የሰዓት ቀጠናውን ብቻ አውቶማቲክ መሆኑን አጥፉና ቦነስ አይረስን ምረጡ። አዎ፣ አርጀንቲና! አትሳቁ። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚህ እኩለ ቀን ሲሆን እዚያ ጠዋት ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስልኩ ስድስት ሰዓት ይላችኋል፤ ውስጡ ያለው እውነተኛ ሰዓት ግን አልተነካም። ድራይቭም አይጣላችሁም። ደስ የሚለው ደግሞ ስልኩ ቀኑን የሚለውጠው እዚህ ጎህ ሲቀድ ይሆናል፤ ልክ እንደ እኛ። ብቻ ከሌላ ሰው ጋር በስልክ ካሌንደር ቀጠሮ የምትይዙ ከሆነ ግር ሊላችሁ ይችላል። ወላጆቼ ስልክ ላይ ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። አባቴ ስልኩ አርጀንቲና መሆኑን አያውቅም።

ወደ ፋይሉ እንመለስ። ፋይሉ ወርዷል፤ ምልክቱም አለ፤ ግን አልከፈት ይላል። ይሄኔ ችግሩ አንባቢው ነው። ጉግል ዶክስ ላይ የተጻፈ ሰነድ በስልክ የሚከፈተው በዶክስ አፕ ነው፤ ድራይቭ ብቻውን አይበቃውም። ሺትስም እንደዚያው። ወርድ ፋይል ወርድን ወይም መሰሉን ይፈልጋል። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ደርሳችሁ ፕሌይ ስቶር ግባ ሲላችሁ ያስቃል፤ ያስለቅሳልም። ኤርፕሌን ሞድ አብርታችሁ ቅመሱት ያልኩት ለዚህም ነው።

ደግሞ ተከፍቶ የማይነበብ አለ። ይሄ የእኛው የራሳችን ችግር ነው። ቢሮ ውስጥ ያሉ አሮጌ የአማርኛ ሰነዶች ብዙዎቹ የተጻፉት በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው፤ ዩኒኮድን፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ የሚያውቁትን የፊደል ሥርዓት፣ አይከተሉም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እነዚያ ፎንቶች የላቲንን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው አማርኛ የሚያሳዩት። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሸጋ አማርኛ ነው። ስልክ ላይ ስትከፍቱት ግን የጠንቋይ ጽሑፍ ይመስላል። ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ኮምፒውተሩ ጋ ሳላችሁ ፒዲኤፍ አድርጉና እሱን ጎተራ ክተቱ። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞት ይሄዳል። ሰርኩላርና መመሪያ ስትልኩልን፣ እባካችሁ የቢሮ ሰዎች፣ በፒዲኤፍ ላኩልን።

አንዲት እህት አሁን እጇን አውጥታለች። እስኪ በይ።

(ጥያቄዋ፦ «ዳውንሎድ ማድረግና ኦፍላይን ማድረግ አንድ አይደለም ወይ?»)

አይደለም፤ ጥሩ ጠየቅሽ። ኦፍላይን ስታደርጊው ፋይሉ አፑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሌላ አፕ አያየውም። ባለቤቱ ሰርቨሩ ላይ ሲያሻሽለው፣ ዳታ ስታበሪ ያንቺም ይሻሻላል። ዳውንሎድ ስታደርጊው ግን ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ለብቻው አንድ ቅጂ ይቀመጣል። አፑን ብታጠፊውም አይጠፋም። በዜንደር ለጓደኛሽ ልትልኪው ትችያለሽ፤ እሷ ዳታ ባይኖራትም ይደርሳታል። ግን ያው የወረደበት ቀን ላይ ቆሞ ይቀራል። ሰርቨሩ ላይ ያለው ቢሻሻል አያውቅም። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ የምጽፍበትን ፋይል ኦፍላይን አደርጋለሁ፤ የማነበውን ብቻ ዳውንሎድ። የክትባት መመሪያ፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ እነዚህ ዳውንሎድ ይደረጉ። በዜንደር ከሰው ሰው ይተላለፋሉ። አንድ ሰው ካወረደው መንደሩ ሁሉ አወረደው ማለት ነው።

ቴሌግራም። እውነቱን እንነጋገር፤ የብዙዎቻችን ክላውድ ድራይቭ አይደለም፤ ቴሌግራም ነው። ለራሳችን ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ሁሉንም እንወረውራለን። እኔም እወረውራለሁ። ቴሌግራም ላይ አንዴ የከፈታችሁት ፋይል ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ለዘላለም ግን አይደለም። ሴቲንግ ውስጥ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቡ። ፋይል ስንት ጊዜ ይቆይ የሚል አለ። ጥቂት ቀን፣ ወር፣ ወይም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። አጭር ጊዜ ከተመረጠ፣ ለተወሰነ ጊዜ ያልከፈታችሁትን ከስልኩ ያነሳዋል። ቻቱ ላይ ስሙ ይታያል፤ አጠገቡ ግን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ትመጣለች። ያች ቀስት ካለች አልወረደም ማለት ነው። ለቁም ነገር የሚሆን ፋይል ከሆነ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ወደ ዳውንሎድ አስቀምጡት።

ጉግል ፎቶስ ደግሞ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚል ቁልፍ አለው። እሱን ስትነኩ፣ ሰርቨር ላይ የገቡትን ፎቶዎች ከስልኩ ያነሳቸዋል። አልጠፉም። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ደብዘዝ ያለ ምስል ብቻ ታያላችሁ። የማንነት መታወቂያና የዲግሪ ፎቶ ለዚህ አትስጡ።

ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ የምትጠቀሙ ጥቂት ትሆናላችሁ። ለእናንተ አንድ ቃል፦ ሁለቱም ላይ ሙሉ ፎልደር ስልክ ላይ ኦፍላይን ማድረግ የሚከፈልበት ነው። በነፃው አካውንት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ነው። ድራይቭ ላይም ቢሆን ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ ፋይሎቹን ምረጡ። አንዱን ተጭናችሁ ቆዩ፣ ሌሎቹን ንኩ፣ ከዚያ በአንድ ላይ። ነፃው ቦታ ድሮፕቦክስ ላይ 2 ጊጋ፣ ዋንድራይቭ ላይ 5 ጊጋ፣ ጉግል ላይ 15 ጊጋ ነው። የጉግሉ 15 ግን ጂሜይልንም ፎቶንም ጨምሮ ነው። ኢሜይላችሁ ከሞላ ድራይቫችሁም ሞልቷል።

አንድ ነገር ልበል፣ ከዚያ ወደ ጥያቄ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሁላችሁም የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ነው ብለን ጠበቅን። ወራት ሆነ። ያን ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉ ድራይቭ ላይ የቀረበት ተማሪ አውቃለሁ። ስሙን እያየው፣ ርእሱን እያየው፣ መክፈት አልቻለም። እንደገና ከማስታወሻ ደብተሩ ጻፈው። እነዚያ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ። የኔታ የነገሯቸውን በቃላቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። አኮፋዳቸው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጭንቅላታቸው ግን ኦፍላይን ነው። እኛ ጭንቅላታችንን ለስልክ ሰጠን፤ ስልኩ ደግሞ ለሰርቨር ሰጠው።

እሺ፣ ጥያቄ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።

(አንድ አንጋፋ መምህር፦ «ልጄ፣ እኔ ሁሉንም አድርጌ ነበር። ምልክቱም ነበረ። በሳምንቱ ስከፍተው ግን ፋይሉ ጭራሽ የለም። ይህ ከምን የመጣ ነው?»)

ጋሼ፣ ፋይሉ የራስዎ ነበር ወይስ ሰው ያጋራዎት?

(«ርእሰ መምህሩ የላኩት ነው።»)

እንግዲያው እዚያ ላይ ነው። ሰው ያጋራዎት ፋይል ጌታው ሌላ ነው። እሳቸው ቢያጠፉት፣ ወይም ማጋራታቸውን ቢያቆሙ፣ የእርስዎ ስልክ ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ይህን ይሰማና እሱም ያነሳዋል። ለእርስዎ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው «ሜክ ኤ ኮፒ» ይበሉት። ቅጂው የእርስዎ ነው፤ ማንም አይወስድብዎትም።

(«ርእሰ መምህሩን ልጠይቃቸው እንግዲህ።» ሳቅ።)

ይጠይቋቸው። ግን ሳያውቁ ይሆናል፤ ድራይቫቸውን ሲያጸዱ። አንቺ ከኋላ ያለሽው።

(አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦ «እኔ የእናቶችን ዝርዝር ነው ስልኬ ላይ የምይዘው። ኦፍላይን ካደረግኩትና ስልኬ ቢጠፋ ሰው አያየውም?»)

ያየዋል። ሳልናገረው ማለፌ ጥፋት ነው። ኦፍላይን የሆነ ፋይል ለመክፈት ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ላንቺም ለሌባውም። ስልክን ከሩቅ ሆኖ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ስልኩ ዳታ ሲያገኝ ነው ትእዛዙ የሚደርሰው። ሌባው ሲም ካርዱን አውጥቶ ከጣለው ትእዛዝሽ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ አንደኛ ስልክሽን ቆልፊ፤ የልደት ዓመትሽ ባልሆነ ቁጥር። ሁለተኛ የዛሬ ቀበሌሽን ዝርዝር ብቻ ያዢ። የወረዳውን በሙሉ ለምን? ማታ ስትመለሺ የጻፍሽው መግባቱን እይና ኦፍላይኑን አንሺው። ያው ሦስት ነጥብ ነው፤ መልሶ መንካት ነው።

ስልካቸው መቆለፊያ የሌለው ስንት ናችሁ? እጅ... ኧረ በዛ! ሻይ ላይ ወደ እኔ ኑ፤ አብረን እንቆልፋለን።

ኧረ በነገራችን ላይ፣ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፉት። አንድ ሰዓት ሙሉ የማንም ስልክ አልጮኸም። እኔም ንግግሬን ወዳችሁት መስሎኝ ነበር።